በቅኝ ግዛት መንግሥታት ኦዲተሩን ማን ይቀጥረው፣ ሪፖርቱንስ ለማን ያቀርብ ነበር?

ጥያቄ፦ የጣርማበር መንገደኛ፣ ደብረ ሲና

የተከበራችሁ የሂሳብና የኦዲት ባለሙያዎች፣ የታሪክ መምህራንና ሌሎችም፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በሰሜን ሸዋ በአንድ ወረዳ በውስጥ ኦዲተርነት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከሥራዬ ጎን ለጎን የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን በማዘጋጀት ላይ ስሆን፣ የመረጥሁት ርዕስ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ለመንግሥት ሂሳብ ምርመራ የሚያስፈልገው የሰው ኃይል እንዴት ይሟላ እንደነበርና መርማሪዎቹን ራሳቸውን ማን ይቆጣጠራቸው እንደነበር የሚመለከት ነው። አማካሪዬ «ቅኝ ባልተገዛ አገር ተቀምጠሽ ይህ ርዕስ ምን ይፈይድልሻል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ለእርሳቸው የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም ብነግራችሁ ጥያቄዬ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ስቆጥር፣ ለሠራተኞች የተገዛ የደንብ ልብስ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ በሞዴል 22 ግን ከፊሉ ብቻ ወጪ ተደርጎ፣ ቀሪው በመደርደሪያው ላይ ሳይገኝ ቀረ። ንብረት ክፍሉ ማብራሪያ ብሎ ያቀረበልኝ በእስክሪፕቶ የተጻፈ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነበረች፤ ማኅተም የለባትም፣ ቀን የለባትም፣ ተረካቢው ማን እንደሆነ አትናገርም። ግኝቴን ከነማስረጃው አዘጋጅቼ ማቅረብ የሚገባኝ ደግሞ ግዢውን ላጸደቀው፣ የእኔንም የሥራ አፈጻጸም ለሚሞላው ለዚያው ኃላፊ ነበር። ኃላፊው ሪፖርቱን ተቀበለኝ፣ አመሰገነኝ፣ በመሳቢያው ውስጥ አስቀመጠው፤ እስከ ዛሬም ከዚያ አልወጣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ መመሪያ ባነበብሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ስለ ምርመራ ስልት የተጻፈውን ሳይሆን ተጠሪነትን የሚደነግገውን አንቀጽ ሆነ። በዚህ ፍለጋ ላይ ሳለሁ ነው የቅኝ ግዛቶቹ ነገር የሳበኝ። ለንደን ተቀምጦ በሺህ የሚቆጠር ማይል ርቆ በሚገኝ አገር ያለውን ሹም የገንዘብ አያያዝ መቆጣጠር የፈለገ መንግሥት፣ ኦዲተሩን በገዥው ሥር ቢያደርገው እውነቱን አይሰማም፤ ከገዥው ፈጽሞ ቢያርቀው ደግሞ ሥራው አይሠራም። ይህን እንዴት አስታረቁት? ገዥው ኦዲተሩን ማሰናበት ወይም ማዛወር ይችል ነበርን? በኦዲት ቢሮው ውስጥ የአገሩ ተወላጆች ምን ድርሻ ነበራቸው? የእኛስ አገር የኦዲት ሥርዓት ከዚህ ልማድ የወረሰው ነገር ይኖር ይሆን? የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።


መልስ፦ ጡረተኛው መርማሪ፣ ደብረ ብርሃን

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት በሂሳብ ምርመራ ሥራ ቆይቼ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። የሌሎች አገሮችን የኦዲት አደረጃጀት በተመለከተ ባለፉት ዓመታት ያነበብሁት ስላለ የማውቀውን ልንገርሽ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ፣ ካልገለጽሁ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከለንደን መጀመር ይሻላል። የእንግሊዝ ፓርላማ የመንግሥት ሂሳብ ኮሚቴውን ያቋቋመው በ1861 ሲሆን፣ ሐሳቡን ከዳር ያደረሱት በጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ዊልያም ግላድስተን ናቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1866፣ በወጣው ሕግ ደግሞ የግምጃ ቤቱ ተቆጣጣሪና የሂሳብ መርማሪዎቹ ሥራ በአንድ ዋና ኦዲተር ሥር ተጠቃለለ። ይህ ሰው ከሥልጣኑ ሊነሣ የሚችለው ሁለቱም ምክር ቤቶች ሲጠይቁ ብቻ እንዲሆን፣ ደመወዙም በየዓመቱ በሚጸድቅ በጀት ላይ የማይንጠለጠል እንዲሆን ተደነገገ። የሚመረምራቸው ሚኒስትሮች እንጀራውን ሊነኩበት አይችሉም ማለት ነው።

ቅኝ ግዛቶቹ ግን ይህን የመሰለ ከለላ አልነበራቸውም። በ19ኛው መቶ ዘመን የብዙዎቹ ቅኝ ግዛቶች ሂሳብ ለምርመራ ወደ ለንደን ይላክ ነበር። ቫውቸሩ፣ ማለትም የወጪ ማስረጃ ሰነዱ፣ በመርከብ ተጭኖ ደርሶ፣ ተመርምሮ፣ የማብራሪያ ጥያቄው ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ገንዘቡን ያወጣው ሹም ወይ ተዛውሯል፣ ወይ አርፏል፣ ወይ ጉዳዩን ረስቶታል። አንቺም እንደምታውቂው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ የኦዲት ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «በጊዜው የነበረው ኃላፊ ያውቃል» የሚል ነው። ስለዚህ ሰነዱን ወደ መርማሪው ማጓጓዝ ቀርቶ መርማሪውን ሰነዱ ወዳለበት መላክ ግድ ሆነ።

በ1910 የቅኝ ግዛቶች ኦዲት መምሪያ ራሱን ችሎ ተደራጀ። ዳይሬክተሩ መቀመጫው ለንደን ሲሆን ተጠሪነቱ ለቅኝ ግዛቶች ሚኒስትሩ ነበር፤ በየቅኝ ግዛቱ የተመደበው ኦዲተር ደግሞ ሙያዊ ትእዛዝ የሚቀበለውም ሪፖርት የሚያደርገውም ለዳይሬክተሩ ነው። ለጥያቄሽ ቀጥተኛው መልስ እዚህ ላይ ይገኛል። ገዥው በቅኝ ግዛቱ ውስጥ የንጉሡ ወኪል ሆኖ በሁሉም ላይ ሲያዝዝ፣ ኦዲተሩን ግን «ይህን ቫውቸር ተወው» ሊለው፣ ያልወደደውንም መርማሪ በራሱ ፈቃድ ሊያሰናብተው አይችልም ነበር። በሪፖርቱ ላይ የራሱን አስተያየት ጽፎ ወደ ለንደን ማሳለፍ ግን ይችላል፤ ይህም ተገቢ ነው፣ የተመረመረ ሰው መልስ የመስጠት መብት አለውና። ደመወዙ ከቅኝ ግዛቱ በጀት ይከፈል እንጂ ዕድገቱና ዝውውሩ በለንደን እጅ ነበር። ኦዲተሮቹ የአንድ አገልግሎት አባላት ስለነበሩ ከአንዱ ቅኝ ግዛት ወደ ሌላው ይዘዋወሩ ነበር፤ ዛሬ ናይጄሪያ ያለው መርማሪ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪ ላንካ) ወይም ማላያ ሊገኝ ይችላል። አንድ ቦታ ረጅም ጊዜ የቆየ መርማሪ ከሚመረምራቸው ሰዎች ጋር በክርስትናም በጋብቻም ይተሳሰራል፤ እኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም።

ሌላው ልብ እንድትይው የምፈልገው የጉድለት ዕዳ ነው። ከደንብ ውጪ ገንዘብ ያወጣ ወይም በቸልተኝነቱ ያጎደለ ሹም ከራሱ ኪስ እንዲተካ ይደረግ ነበር። የኦዲተሩ የማብራሪያ ጥያቄ የሚፈራውም ለዚህ ነው። የአውራጃው ሹም በአንድ ጊዜ ዳኛ፣ ግብር ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ስለነበር፣ ከዱር ውሎ በላብ ተጠምቆ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ «ደረሰኙ ያልተያያዘበት ይህ ወጪ ለምን ተፈጸመ?» የሚል ወረቀት ይጠብቀዋል።

በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ከገንዘብ ያዡ ውጪ የሆኑ ሹማምንት የሚገኙበት ቆጣሪ ቦርድ ተሰይሞ ካዝናውን ይቆጥራል፤ ድንገተኛ ቆጠራም ነበረ። ይህ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን ማለዳ በአንድ ወረዳ ያደረግሁትን ቆጠራ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የደጋው ጉም መስኮቱ ድረስ ወርዶ፣ ጣታችን በብርድ ደንዝዞ፣ ሁለቱ ቁልፍ ያዦች የየራሳቸውን ቁልፍ አስገብተው ካዝናውን ከፈቱት። ገንዘብ ያዡ የታሰሩትን ብሮች እስር በእስር አውጥቶ ሲደረድር፣ ከሥር በላስቲክ የታሰረ አንድ ጥቅል ወረቀት አወጣና ከብሩ ጎን አስቀመጠው። ፈትቼ ባየው «ተበድሬአለሁ» የሚሉ፣ የበላዮቹ ፊርማ ያረፈባቸው ቁራጮች ናቸው። «ይህም እንደ ገንዘብ ይቆጠርልኝ» አለኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ ሰው ሌባ አልነበረም፤ እምቢ የማለት አቅም ያልተሰጠው ሠራተኛ ነበር። ቁራጮቹን አንድ በአንድ በቆጠራው ቅጽ ላይ መዘገብኋቸው፣ በጥሬ ገንዘብ ግን አልቆጠርኋቸውም። ከበላዮቹ መካከል አንዱ ከሰዓት በፊት ገንዘቡን ይዞ መጣ። ይህን ማድረግ የቻልሁት ከወረዳው ውጪ የመጣሁ፣ ደመወዜም ዝውውሬም በእነርሱ እጅ ያልነበረ ሰው ስለሆንሁ ብቻ ነው። አንቺ የደንብ ልብሱን ጉድለት ስታገኚ ያጣሽው ይህን ነው እንጂ ዕውቀትም ድፍረትም አይደለም።


መልስ፦ የታሪክ መምህርት፣ አንኮበር

ጋሼ የሰጡት ማብራሪያ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ስለ ቆጠራው የጻፉትንም ልቤ ተነክቶ ነው ያነበብሁት። ይሁን እንጂ እኅታችን ጽሑፏን በዚህ ብቻ እንዳትገነባ አንድ የምጨምረው፣ በከፊልም የምቃወመው ነገር አለኝ።

ኦዲተሩ ከገዥው እጅ መውጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን ወደ ማን እጅ ገባ? ግብሩን ለከፈለው ሕዝብ አልነበረም። ጋና ውስጥ በካካዎ እርሻው የሚኖር ገበሬ፣ ሲሎን ውስጥ ሻይ የሚለቅም የቀን ሠራተኛ፣ የኦዲት ሪፖርት የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ኦዲተሩ ይጠብቅ የነበረው ለንደን ያለው ጌታ በሩቅ ያለው አሽከሩ እንዳይሰርቀው ነው። እኔ በተማሪዎቼ ፊት ይህን ስገልጽ፣ የባላባቱ ጭቃ ሹም ከገባሩ የሰበሰበውን እህል ሳይነካ ወደ ጎተራ ማስገባቱን የሚከታተል ሰው አድርጋችሁ አስቡት እላቸዋለሁ፤ ተከታታዩ ሐቀኛ ቢሆንም ለገባሩ የሚቀርለት ነገር የለም።

የሕንድን ታሪክ ብታይው ይህ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። የሕንድ የመጀመሪያው ዋና ኦዲተር፣ ድረመንድ የተባሉት እንግሊዛዊ፣ ሥራቸውን የጀመሩት በኅዳር 1860 ነው፤ አገሪቱ ከምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ እጅ ወደ ዘውዱ ከተላለፈች ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1919ኙ የሕንድ አስተዳደር ሕግ ዋና ኦዲተሩ በሕንድ ከሚገኘው መንግሥት ተለይቶ ሹመቱን በቀጥታ ከለንደን እንዲያገኝ ተደረገ፤ በ1935ቱ ሕግ ደግሞ ከፌዴራሉ ፍርድ ቤት ዳኛ ጋር በሚመሳሰል ሥርዓት ካልሆነ በቀር እንዳይነሣ ተደነገገ። በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ ከለላ መመኘት ያስቸግራል።

ሪፖርቱ የሚደርስበትን ቦታ ግን ተመልከቺ። በ1921 የሕንድ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የመንግሥት ሂሳብ ኮሚቴ ሲቋቋም ሊቀ መንበር ሆኖ የተሰየመው የገንዘብ ጉዳዮችን የሚመራው የራሱ የመንግሥት አባል ነበር። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ሰው ስለ ገንዘቡ የቀረበውን ክስ የሚሰማው ችሎት ዳኛ ሆነ ማለት ነው። በለንደን ያንኑ ኮሚቴ የሚመራው ከተቃዋሚው ወገን የተመረጠ አባል መሆኑን እያወቁ፣ ለሕንድ ያንን አልፈቀዱም። ይህ አሠራር ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላም እስከ 1950 ዘልቋል። መሳቢያ ውስጥ የቀረው ሪፖርትሽ ታሪክ እኮ ይኸው ነው፤ መሳቢያው ብቻ ነው የተለወጠው።

ሆንግ ኮንግን ደግሞ አስቢ። በዚያ ቅኝ ግዛት የዋና ኦዲተርነት ሹመት የተጀመረው በ1844 ነው። የምክር ቤቱ የመንግሥት ሂሳብ ኮሚቴ የተቋቋመው ግን በ1978 ነው፤ በመካከሉ 134 ዓመታት አሉ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ኦዲት ነበረ፣ ሐቀኛ መርማሪዎችም ይኖሩ ይሆናል፤ ሪፖርቱን ተቀብሎ መሥሪያ ቤቶቹን በአደባባይ የሚጠይቅ የምክር ቤት ኮሚቴ ግን አልነበረም።

ስለ ሰው ኃይሉ የጠየቅሽውም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው። በየቅኝ ግዛቱ የኦዲት ቢሮ ከላይ ተቀምጠው የሚፈርሙት ከእንግሊዝ የመጡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ቫውቸሩን ከመዝገቡ፣ ደረሰኙን ከካዝናው ጋር የሚያመሳክሩት፣ ስሕተቱን መጀመሪያ የሚያዩት ግን ጸሐፊዎቹ ናቸው። በምሥራቅ አፍሪካ የመንግሥት ቢሮዎች ከጎዋ የመጡ ሕንዳውያን በብዛት የጸሐፊነትና የሂሳብ ሥራ ይሠሩ ነበር፤ በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ በሴራሊዮንና በጎልድ ኮስት (በዛሬዋ ጋና) የባሕር ዳርቻ ትምህርት ቤቶች የተማሩ አፍሪካውያን በየቅኝ ግዛቱ ተሠማርተው ነበር። በሕንድ የበታች የሂሳብ አገልግሎት የሚባል እርከን ነበረ፤ ወደዚያ ለመግባት የሚሰጠው ፈተና ከባድ ስለነበር ያለፈው ሰው የደንቡን አንቀጽ በቃሉ ይወጣው ነበር። ይህን ሁሉ ዕውቀት የተሸከመው ሰው ግን ከተወሰነ ደረጃ በላይ የሚወጣበት መሰላል ጠባብ ነበር። የነፃይቱ ሕንድ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ዋና ኦዲተር ቪ. ናራሃሪ ራኦ ወንበሩን የተረከቡት በ1948 ነው፤ ድረመንድ ከተሾሙ ከ88 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በጎልድ ኮስትም ቢሆን የኦዲት አገልግሎቱ በ1910 ገደማ ተቋቁሞ፣ አገሪቱ በ1957 ነፃ ከወጣች በኋላ እንኳ እስከ 1960 ድረስ ለንደን ያለው የባሕር ማዶ የኦዲት አገልግሎት ቅርንጫፍ ሆኖ ነው የቆየው።

ስለዚህ እኅቴ፣ በጽሑፍሽ ውስጥ «ነፃነት» የሚለውን ቃል በተጠቀምሽ ቁጥር «ከማን ነፃ፣ ለማን ሲባል» ብለሽ እንድትጠይቂ እመክርሻለሁ።


የጣርማበር መንገደኛ፣ ደብረ ሲና

ጋሼም እኅቴም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመምህርቷ መልስ እስከ ዛሬ የጻፍሁትን ሁለተኛ ምዕራፍ እንደገና እንድመለከተው አስገድዶኛል፤ እውነቱን ለመናገር፣ የ1910ሩን አደረጃጀት እንደ አርአያ አድርጌ ነበር የጻፍሁት።

ሁለት ነገር ልጨምር። በቅኝ ግዛቶቹ ውስጥ ከማዕከላዊው ግምጃ ቤት በታች የነበሩት የአካባቢ ገንዘብ ቤቶች፣ ማለትም የአገሬው ባላባቶች ያስተዳድሯቸው የነበሩት፣ በማን ይመረመሩ ነበር? ወረዳ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ቅርቡ ምሳሌ እርሱ ይመስለኛል። በተጨማሪም ስለ አገራችን ያነሣሁት ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም፤ ጋሼ፣ እርስዎ በሥራ ላይ በነበሩበት ዘመን የሰሙትን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።


መልስ፦ የመንዝ ልጅ፣ መሐል ሜዳ

እኔም እንደ አንቺ የውስጥ ኦዲተር ነኝ፤ ስለዚህ ከማንበብሽ በፊት ወገንተኛ መሆኔን ዕወቂልኝ።

ስለ አካባቢ ገንዘብ ቤቶች የሰሜን ናይጄሪያን ብታጠኚ መልካም ነው። ፍሬድሪክ ሉጋርድ ከ1900 ጀምሮ ያንን አገር ሲያስተዳድሩ ኤሚሮቹን ከሥልጣናቸው ሳያነሡ በእነርሱ አማካይነት መግዛትን መረጡ። በኋላም ለኤሚሮቹ የራሳቸው ገንዘብ ቤት ተደራጀላቸው፤ ከእስላማዊው አስተዳደር ልማድ በመነሣት ቤተ ማል ይባል ነበር። ከግብሩ የተወሰነ ድርሻ እዚያ ይገባል፤ የኤሚሩና የሹማምንቱ ደመወዝ ተወስኖ ከዚያ ይከፈላል። መጽሐፉን የሚያገላብጠውና ሳጥኑን የሚያስቆጥረው ግን በዋናነት የቅኝ ግዛቱ ኦዲተር ሳይሆን እዚያው ያለው የእንግሊዝ አስተዳዳሪ ነበር። አስተዳዳሪው ደግሞ የኤሚሩ አማካሪ፣ የበጀቱም አጽዳቂ ነው። በጀቱን አብሮ ያወጣ ሰው በዓመቱ መጨረሻ የራሱን ፊርማ ይመረምራል። ጉድለት ቢገኝ «በአንተ አውራጃ ይህ እንዴት ሆነ?» ተብሎ የሚጠየቀው እርሱ ራሱ ስለሆነ፣ ነገሩን በዝምታ የሚያልፍበት በቂ ምክንያት ነበረው።

እኛም የምንገኘው ከዚህ በማይሻል ቦታ ነው። የክልሉ ዋና ኦዲተር ለክልሉ ምክር ቤት ተጠሪ ነው፤ መልካም። ነገር ግን በየወረዳው ያለውን እያንዳንዱን መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ማዳረስ ለየትኛውም የውጭ ኦዲተር ይከብዳል። በመካከሉ ያለው ጊዜ የውስጥ ኦዲተሩ ነው፤ እርሱ ደግሞ ተጠሪነቱ ለሚመረምረው ኃላፊ። አበል የሚፈርምልኝ፣ መኪና የሚፈቅድልኝ፣ ለትምህርት የሚልከኝ እርሱ ነው። ባለፈው ዓመት ገጠር ቀበሌ ወርጄ የማዳበሪያ ዕዳ አሰባሰብ ልመረምር ሦስት ጊዜ መኪና ጠይቄ ሦስት ጊዜ «ሥምሪት ላይ ነው» ተባልሁ። በአራተኛው በእግሬ ሄድሁ። አራት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ደረሰኞቹን ግን አገኘኋቸው።

ተጠሪነት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ማን ይሾማል፣ ማን ይሽራል የሚለውን ነው። እኔ በሥራዬ ያየሁት ግን የሚሻርበት ቀን ከመድረሱ በፊት ኦዲተርን በመኪና፣ በወረቀትና በአበል ማሰር እንደሚቻል ነው። ጽሑፍሽ ላይ የቅኝ ግዛት ኦዲተሮቹ የጉዞ ወጪና የቢሮ መሣሪያ በማን ይፈቀድ እንደነበር ብትፈልጊ ከሹመቱ ታሪክ ይልቅ ብዙ ይነግርሻል ብዬ እገምታለሁ።


መልስ፦ ጡረተኛው መርማሪ፣ ደብረ ብርሃን

የመምህርቷን ተቃውሞ ተቀብያለሁ። እኔ የጻፍሁት መርማሪ ሆኜ ነው፤ መርማሪ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ሰነዱን እንዳያገኝ የሚከለክለውን ሰው ነው። ሰነዱ ከተገኘ በኋላ ለማን ይነበባል የሚለውን እርሷ በትክክለኛ ቦታው አስቀምጣዋለች። የመንዙ ልጅም ስለ መኪናው የጻፈው የእኔም ታሪክ ነው።

ስለ አገራችን ይህን ልበልሽ። የእኛ ነገሥታት ገንዘባቸውን ያለ ተቆጣጣሪ አይተዉም ነበር፤ በጅሮንድ የሚለው ማዕረግ ራሱ የግምጃ ቤት ኃላፊነትን የሚያመለክት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት በጅሮንድ ሙሉጌታ ነበሩ። ነገር ግን ይህ ጥበቃ እንጂ ኦዲት አልነበረም፤ ገንዘቡን የሚይዘውና ስለ ገንዘቡ የሚናገረው አንድ ሰው ነበረና።

በጣሊያን ወረራ አምስት ዓመታት አገራችን የሌላ አገር የሂሳብ ሥርዓት ተጭኖባት ነበር። ጣሊያን ከ1862 ጀምሮ የራሷ የሂሳብ ፍርድ ቤት አላት፤ ይህ ተቋም የሚለየው ወጪው ከተፈጸመ በኋላ ብቻ ሳይሆን ከመፈጸሙ በፊትም የመንግሥትን ትእዛዝ መርምሮ የሚመዘግብ መሆኑ ነው። በየዕለቱ የምታልፊበት የጣርማበር ዋሻ የተፈለፈለው በዚያ ዘመን ነው። ለዋሻው ስለወጣው ገንዘብ መልስ ይሰጥ የነበረው ለሮም ነው እንጂ ድንጋዩን ለተሸከሙት ለእኛ ሰዎች አልነበረም። መምህርቷ ያለችው እዚሁ ደጃችን ላይም እንደሠራ ታያለሽ።

ከነፃነት በኋላ የእንግሊዝ ተጽዕኖ በግልጽ ገባ። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት እንግሊዝ ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው ዓመት 1 ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት ስትስማማ፣ በመንግሥት ወጪ ጉዳይ ከእንግሊዛዊ አማካሪ ጋር ተቀራርቦ መሥራት አብሮ ገብቶ ነበር። ገንዘብ የሰጠ ወገን የወጪውን መዝገብ ማየት ይፈልጋል፤ በቅኝ ግዛቶቹም ከለንደን ድጎማ የሚቀበል ግዛት በጀቱ በእንግሊዝ ግምጃ ቤት ካልጸደቀ አይንቀሳቀስም ነበር። የእኛ ልዩነት አማካሪው እንግዳ፣ ወሳኙ ግን የአገሩ ሰው መሆኑ ነው። ከዚያም በ1944 በአዋጅ ቁጥር 69 የኦዲት ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1955 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዋና ኦዲተር በንጉሠ ነገሥቱ እንዲሾም፣ ለንጉሠ ነገሥቱና ለፓርላማውም ሪፖርት እንዲያቀርብ ተደነገገ፤ በ1961 ደግሞ የዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በአዋጅ ቁጥር 179 ተደራጀ። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 101 ዋና ኦዲተሩ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሾም፣ የመሥሪያ ቤቱንም በጀት በቀጥታ ለምክር ቤቱ አቅርቦ እንዲያስጸድቅ ይደነግጋል። የበጀቱ ነገር የመንዙ ልጅ ላነሣው የመኪና ጉዳይ ከላይ የተሰጠ መልስ ነው፤ ወረዳ ድረስ ግን አልወረደም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አልለፍ። በሕንድ ሂሳቡን የሚይዘውና ሂሳቡን የሚመረምረው አንድ መምሪያ ሆኖ ቆይቶ፣ በማዕከላዊው መንግሥት ደረጃ ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩት በ1976 ነው። ነፃ ከወጡ ከ29 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የሠራተኞቹን የዕድገት መሰላል፣ ፈተናውን፣ መዝገቡን ሁሉ ከሥር መለየት ይጠይቅ ስለነበር ቀላል ሥራ አልነበረም። ስለ ሰው ኃይል የምትጽፊው ምዕራፍ ላይ ይህን ብታካትቺው ጥሩ ነው፤ የውስጥ ኦዲተርን ከገንዘብ ጽሕፈት ቤት ማውጣት ሲታሰብ የሚገጥመው ችግር ይኸው ስለሆነ።


የጣርማበር መንገደኛ፣ ደብረ ሲና

ጋሼ፣ ስለ ዋሻው የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ ዛሬ ጠዋት በዚያ ሳልፍ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነበር።

ሁላችሁም በሰጣችሁኝ መልስ መሠረት ጽሑፌን እንደሚከተለው አስተካክያለሁ። ሁለተኛው ምዕራፍ የ1910ሩን መምሪያ ከገዥው እጅ የወጣበትን መንገድ ይተርካል፤ ነገር ግን የሕንዱን የ1921 ኮሚቴና የሆንግ ኮንግን 134 ዓመታት እዚያው ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ ስለ ጸሐፊዎቹ ይሆናል። አራተኛው የሰሜን ናይጄሪያን ቤተ ማል ከወረዳ የውስጥ ኦዲት ጋር ያነጻጽራል፤ የጉዞ ወጪውንና የቢሮ መሣሪያውን ጉዳይም በዚያ ሥር እፈልገዋለሁ።

የደንብ ልብሱን ሪፖርት በተመለከተ፣ የሪፖርቱ ቅጂና የዚያች ቁራጭ ወረቀት ፎቶ ኮፒ በእጄ አለ። ትናንት ሁለቱንም ከቆጠራው ቅጽ ጋር አያይዤ፣ በሸኚ ደብዳቤ ላይ ቁጥርና ቀን አስመዝግቤ፣ ለሚመለከተው የበላይ አካል ግልባጭ አድርጌ ልኬአለሁ። መዝገብ ቤት የሰጠኝን የመረከቢያ ፊርማ በፋይሌ ውስጥ አኑሬዋለሁ።